አልነሳ ያለው የሳህን ማጠቢያችን

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



በዛሬው ፕሮግራም ከሒሳብ ክፍል የሚጠበቀው የስድስት ወሩ ገቢና ወጪ ነበር። እሱ ታትሞ በእጃችሁ ስላለ አናነበውም። ይልቅስ በገጽ 3 ላይ «ቋሚ ንብረት» በሚለው ሥር ስለተጻፈች አንዲት መስመር እንነግራችኋለን። በየቡናው ላይ ስትጠይቁን የነበረው ስለ እሷ ነውና። መስመሯ «ያገለገለ የዕቃ ማጠቢያ ማሽን፣ ብዛት 1፣ ብር 35,360» ትላለች። ማሽኑ የተገዛው በ24,000 ብር መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ቀሪው 11,360 ብር የት ሄደ ለምትሉ፣ መልሱ ረዘም ያለ ነው። ደግሞም ሁሉም የሚያኮራን አይደለም።

እንደምታውቁት ወጥ ቤታችን ለመሥሪያ ቤቶች ምሳ ያቀርባል። በደህና ቀን እስከ 90 ሳህን ይወጣል። ያ ሁሉ ሳህን፣ ከብርጭቆውና ከማንኪያው ጋር፣ በአንዲት እኅታችን እጅ ነበር የሚታጠበው። ስሟን እንዳንጠራ ጠይቃናለች፤ እዚሁ ተቀምጣለች። ባለፈው ዓመት እጇ በበረኪናና በሳሙና ብዛት ተሰነጣጥቆ ጤና ጣቢያ ስትመላለስ ነበር። እጅሽን ከውኃ አርቂ አሏት። ከውኃ አርቃ ምን ትብላ? የገዛንላት ጓንት በሳምንቱ ይቀደዳል፤ ውስጡ የገባው ውኃ ደግሞ ጭራሽ ይብሳል።

ይህን አይተን ነው ማሽን እንግዛ ያልነው። አዲሱ አቅማችን አይደለም። ከአገር የሚወጡ የውጭ ሰዎች ዕቃቸውን ሲሸጡ አንድ ደላላ ነገረንና ኦልድ ኤርፖርት አካባቢ ሄደን አየነው። ንጹሕ ነው፣ ያብረቀርቃል፣ ውስጡ የሳሙና ሽታ አለው። 15,000 ብር ከአባላት መዋጮ፣ 9,000 ብር ደግሞ ወዳጆቻችን ለወጥ ቤት ማሻሻያ ከሰጡን ገንዘብ አውጥተን ከፈልን። ለጭነት መኪና 1,800፣ ለጫኝና አውራጅ 600 ብር ጨመርን።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ማሽኑን ስናየው የዚያ ቤት መብራት ጠፍቶ ነበር። «ትናንት ማታ ሲሠራ ነበር» ተባልን፤ አመንን። በሒሳብ ክፍል ያለነው ሰዎች፣ አንድ ፓኮ ወረቀት ሲገዛ እንኳ ደረሰኝ የምንጠይቅ ሰዎች፣ ሲሠራ ሳናይ በእጅ በተጻፈች የሽያጭ ወረቀት ብቻ 24,000 ብር እንዲከፈል ፈረምን። መብራቱ እስኪመጣ ሁለት ሰዓት ብንጠብቅ ኖሮ ይህ ንግግር አያስፈልግም ነበር። ከታላላቆቻችን አንዷ «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ብለው የነገሩን ያን ጊዜ ነው፤ እውነታቸውን ነው።

ማሽኑ የገባ ዕለት ቡና ተፈልቶ፣ ፈንዲሻ ተረጭቶ፣ ሁላችንም ዙሪያውን ቆመን ስፒናው ሶኬቱ ላይ ተሰካ። ማብሪያው ተጫነ። ምንም የለም። መብራት የለም፣ ድምፅ የለም። ሁለተኛ ተጫነ፣ ሦስተኛ ተጫነ። ከዚያ ያቺ እኅታችን ምንም ሳትናገር እጅጌዋን ሰብስባ ወደ ሳህኑ ክምር ሄደች። የዚያን ዕለት ቡናው ሦስተኛው ሳይጠጣ ነው የተበተንነው።

በማግሥቱ የመጣው ጠጋኝ ከፊት ለፊት ቆሞ አየውና «ቦርዱ ተቃጥሏል፤ 11,000 ብር አምጡ» አለ። ክዳን አልፈታም፣ ቴስተር አላወጣም። እኛም «ምን ለክተህ ነው? የለካኸውን ጻፍልንና ለወጪ ማዘዣው እናያይዘው» አልነው። ተቆጥቶ ሄደ። እንደ እድል ሆኖ ያን ጊዜ በሣጥናችን 11,000 ብር አልነበረም። ቢኖር እንከፍል ነበር ብለን እንፈራለን፤ ኀፍረት ያስከፍላል።

ከዚያ በኋላ በምናውቀው መንገድ ሄድን። ሒሳብ ሚዛኑ እንቢ ሲል መዝገቡን ሁሉ አንቀድም። እርግጠኛ ከሆንበት ገጽ ተነስተን አንድ በአንድ እንከተላለን። እዚህም እርግጠኛ የሆንነው የቆጣሪው መብራት መኖሩን ነው፤ ከቆጣሪው ተነስተን ወደ ማሽኑ መሄድ ነው።

መጀመሪያ የፈራነው ማሽኑ ከአሜሪካ የመጣ እንዳይሆን ነበር። የአሜሪካ ዕቃ በ120 ቮልት ነው የሚሠራው፤ የእኛ 220 ነው፤ ያለ መቀየሪያ ቢሰካ ይቃጠላል። በበሩ ጠርዝ ላይ የተለጠፈችውን ጽሑፍ በስልክ መብራት አነበብን። 220-240 ቮልት፣ 50 ኸርዝ፣ 2,200 ዋት ትላለች። ተመስገን አልን። ያገለገለ ዕቃ የምትገዙ ሁሉ፣ ከዋጋው በፊት ያቺን ጽሑፍ አንብቡ።

ቀጥሎ ሶኬቱ። «ሶኬቱማ ይሠራል፤ ስልክ ቻርጅ እያደረግንበት ነው» ሲባል ነበር። ስልክ ቻርጀር የሚጠባው ጥቂት ዋት ነው። ይህ ማሽን ውኃ ሲያሞቅ 2,200 ዋት ይፈልጋል፤ ለ220 ሲካፈል 10 አምፔር ነው። ስለዚህ በስልክ ፈንታ ካውያ ሰካን። ካውያው ሞቀ፤ ነገር ግን የክፍሉ አምፖል ፈዘዘ፤ ሶኬቱም ትንሽ ቆይቶ ለብ አለ። ሶኬቱ ከአምፖል መስመር በቀጭን ሽቦ የተጎተተ ነበር። ይህ አደጋ ነው፤ ሆኖም ማሽኑ ጨርሶ መብራት የማያሳይበትን ምክንያት አይነግረንም፤ ካውያው ሠርቷልና። ችግሩ ከሶኬቱ ወዲህ ነው ማለት ነው።

የማሽኑ ስፒና ያን ሦስት ጠፍጣፋ እግር ያለው፣ ከዱባይ በሚመጡ ዕቃዎች ላይ የምታዩት ዓይነት ነው። ወደ እኛ ክብ ቀዳዳ የገባው በአዳፕተር ነበር። የሰፈራችን ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ስፒናውን ከሶኬቱ ነቅሎ በካቻቢቴ ከፈተው። ውስጡ እንደ ትንሽ የጠመኔ ቁራጭ የምታክል ፊውዝ አለች። እንዲህ ዓይነት ስፒና የራሱን ፊውዝ ይዞ እንደሚዞር ከመካከላችን የሚያውቅ አልነበረም። በቴስተር ነካት፤ ድምፅ የለም። ተቃጥላለች። በ11,000 ብር ቦርድ ፈንታ የሞተችው እሷ ነበረች። ከመርካቶ 13 አምፔር የምትለዋን በ60 ብር ገዛን።

እዚህ ላይ አንዲት እኅት «የሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ጠቅልላችሁ አስገቡ፤ የኛ ቤት እንደዚያ ነው» አለች። አይሆንም። ፊውዝ የምትቃጠለው ሽቦው እንዳይቃጠል ነው፤ ወረቀቱ ሳይቀልጥ ቤቱ ይነዳል። ይልቁንም ለምን ተቃጠለች ብለን ጠየቅን። ስፒናው በአንድ ጎኑ ጠቁሯል፤ አዳፕተሩም ውስጡ የላላ ነው። ላላ ያለ መገናኛ ይሞቃል፤ ሙቀቱ ፊውዟን ይበላታል። ስለዚህ አዳፕተሩ ተጣለ፤ ስፒናው በእኛ አገር ዓይነት ተተካ፤ ከቆጣሪው ሰሌዳ የራሱ 16 አምፔር ብሬከር ያለው፣ 2.5 ሚሊ ሜትር ስኩዌር ሽቦ ያለው አዲስ መስመር ተሳበ፤ ኧርዝም ተጨመረለት። ብረት ለበስ፣ ውኃ ያዘለ፣ በእርጥብ እጅ የሚነካ ዕቃ ያለ ኧርዝ መጠቀም በሰው ሕይወት መቀለድ ነው። ለዕቃው 4,350፣ ለሠራተኛው 1,500 ብር ወጣ። ከሁሉም ወጪ ያልቆጨን ይኸኛው ነው።

መብራቱ በራ! እልልታ ነበር። ግን ማስጀመሪያውን ስንጫን ዝም። ሰሌዳው ላይ «3» የሚል ቁጥር ብቻ ይታያል። ለካስ ቁልፉን ስንነካካ «ከሦስት ሰዓት በኋላ ጀምር» ብለን አዘነው ኖሯል። መብራት በሌሊት ርካሽ በሆነባቸው አገሮች እንዲጠቀሙበት የተሠራ ነው አሉ። እሱን አጠፋን። አሁንም ዝም።

ከዚህ በኋላ ያለውን ያገኘችው ያቺ እኅታችን ናት፣ እኛም ሠራተኛውም አይደለንም። ከኋላ ቆማ ስታየን ቆይታ «በሩ አልገጠመም» አለች። ተዘግቷል እኮ አልናት። «ተዘግቷል፤ አልገጠመም። ክዳኑ ያልገጠመ ድስት ድምፁ ይታወቃል» አለች። እውነትም ሲዘጋ «ቀጭ» አይልም ነበር። እነዚህ ማሽኖች በራቸው ተቆልፎ በውስጥ ያለችው ትንሿ ማብሪያ ካልተነካች አይነሱም፤ በሩ ተከፍቶ ሳለ የፈላ ውኃ ሰው ላይ እንዳይረጩ ነው። ሠራተኛው ማብሪያዋን ዘልሎ ሽቦውን በቀጥታ ላገናኘው አለ። አምስት ደቂቃ ነው፣ ነጻ ነው። እንቢ አልን። የምትቃጠለው እሱ አይደለም፤ እሷ ናት።

የበሩ ችግር ከወለሉ ነበር። ሲሚንቶው ወደ ፍሳሹ ያዘነበለ ነው፤ ማሽኑ በአንድ እግሩ ተንጠልጥሎ አካሉ ተጣሟል፤ ምላሱ ከቀዳዳው ጥቂት ሚሊ ሜትር አልፎ ይመታል። ከጎረቤት ግንበኛ ውኃ ልክ ተውሰን፣ ከሥር ያሉትን የሚሽከረከሩ እግሮች አንዱን ከፍ ሌላውን ዝቅ አድርገን አስተካከልን። በሩን እሷ ዘጋችው። ቀጭ አለ።

ከዚያ የውኃው ጉዳይ መጣ። ማሽኑ ተነሳ፣ አጉረመረመ፣ ውኃ ሳያስገባ ፓምፑ ብቻ ያለማቋረጥ ይሠራል። ይህ በጭነቱ ጊዜ የመጣ ነው፤ ጫኞቹ በጀርባው አስተኝተውት ነበርና በውስጡ የቀረው ውኃ ወደ ታችኛው መደብ ወርዷል። እዚያ ያለች ተንሳፋፊ ክዳን ውኃ ሲነካት «ጎርፍ ነው» ብላ ማስገቢያውን ትዘጋለች። ከሶኬት ነቅለን፣ ወደፊት አዘንብለን፣ አንድ ሊትር የሚሆን ቆሻሻ ውኃ አወጣን፤ ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ ደረቀ። ያገለገለ ማሽን ስታስጭኑ ቆሞ ይጫን።

ደርቆ ሲመለስ ደግሞ የቧንቧ ምልክት እያሳየ ቆመ። በጎማው ጫፍ ያለችው ወንፊት በዝገትና በአሸዋ ተደፍናለች፤ በጥርስ ብሩሽ ጸዳች። ጎማውም ተሰንጥቆ ስለነበር ከነላስቲኩ በ950 ብር ተተካ። ያም አልበቃም። በእኛ ሰፈር ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ ከሮቶ ነው የምንጠቀመው፤ ሮቷችን 3 ሜትር በምትሆን የብረት ማማ ላይ ናት። ውኃ በ10 ሜትር ከፍታ ወደ 1 ባር ግፊት ይሰጣል፤ 3 ሜትር 0.3 ባር ማለት ነው። የማሽኑ ጽሑፍ ቢያንስ 0.5 ይላል። ስለዚህ የፈለገ ቢጸዳ ከእኛ ሮቶ አይጠጣም። ፓምፕ እንግዛ ስንል የቤቱ ባለቤት እማማ ሰሙና «የኔ ሮቶ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ከሱ ሳቡ» አሉን። ወደ 9 ሜትር ከፍታ ነው። ለቧንቧው 2,100 ብር ወጣ፤ ለውኃው በወር 300 ብር እንሰጣቸዋለን። እሳቸው አልጠየቁም፤ እኛ ነን የጻፍነው።

ስለዚህ ማሽኑ ለሥራ እስኪደርስ የወጣው 8,960 ብር ነው። ከጭነቱና ከአውራጁ 2,400 ጋር 11,360። ዕቃን ለአገልግሎት ለማብቃት የወጣ ወጪ በዕቃው ዋጋ ላይ ይደመራል፤ 35,360 የተባለውም በዚህ ነው። የመብራቱ መስመር ለብቻው መመዝገብ ነበረበት ብሎ ኦዲተሩ ሊከራከረን ይችላል፤ ሙሉ ሰነዱ አለ፤ እንከራከራለን።

አሁን ከገንዘቡ ይልቅ የከበደንን እንናገር። ማሽኑ እንደሚሠራ ባረጋገጥንበት ማታ ያቺ እኅታችን ቢሯችን መጥታ «እንግዲህ የመስከረም ደመወዜን መቼ ልውሰድ?» አለችን። የስንብት ጥያቄ መሆኑን የገባን ቆይቶ ነው። ለእጇ ብለን፣ በስሟ ገንዘብ ለምነን፣ ማሽን ስንገዛ እሷን ለካ አልጠየቅናትም። ሦስት ሳምንት ሙሉ እኛ ማሽኑ አልነሳ አለ ብለን ስንጨነቅ፣ እሷ ደግሞ የተነሳ እንደሆነ ብላ ስትጨነቅ ነበር። በዚያ ጭንቀት መካከል ነው በሩ አልገጠመም ያለችን። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም ነበር።

በማግሥቱ ሥራ አመራሩ ተሰብስቦ ደመወዟ እንደማይቀነስ፣ ማሽኑም በእሷ ኃላፊነት እንደሚሆን በቃለ ጉባኤ ጻፈ። ይህ ቃለ ጉባኤ ማሽኑ ከመገዛቱ በፊት መጻፍ ነበረበት።

መቼም ይህን ማሽን የፈለሰፈችው ሴት ናት ሲባል ብዙዎቻችሁ ትገረማላችሁ። ጆሴፊን ኮክሬን የምትባል የአሜሪካ ሴት፣ ባሏ ዕዳ ጥሎባት ከሞተ በኋላ፣ በ1886 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የፈጠራ መብቷን አስመዘገበች። በ1893 በቺካጎው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይም አሳየችው። ቀድመው የገዟት ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች ናቸው፤ የቤት እመቤቶች አልነበሩም። ይህን ያነሳነው ያለምክንያት አይደለም። እኛ የገዛነው የቤት ማሽን ነው፤ ለ12 ሰው ገበታ የተሠራ። የምግብ ቤት ማሽን በደቂቃዎች አጥቦ ሲያወጣ፣ የእኛ በአጭሩ ፕሮግራም እንኳ አንድ ሰዓት ይፈጃል። በቀን ሦስት ዙር ይሠራል፤ ሳህን፣ ብርጭቆ፣ ማንኪያ። ብረት ድስቱ፣ ሰታቴው፣ ትልልቁ ትሪ አሁንም በእጅ ነው። ሸክላ ድስትማ አይታሰብም። ስለዚህ «ማሽን ገዛን፣ ችግሩ ተፈታ» ብለን ለደጋፊዎቻችን አንጽፍም። እጇ ውኃ ውስጥ የሚቆይበት ሰዓት ከአምስት ወደ ሁለት ወርዷል፤ ስንጥቁም እየገጠመ ነው፤ የምንጽፈው ይህን ነው።

አንድ ነገር ረስተናል። በሁለተኛው ሳምንት ዱቄቱ ሲያልቅ ከመካከላችን አንዷ የተለመደውን ፈሳሽ ሳሙና ጨመረችበት። አረፋው በበሩ ወጥቶ ወጥ ቤቱን ሞልቶ እስከ በረንዳው ደረሰ። ማን እንደሆነች አንናገርም፤ አሁን እየሳቀች ያለችው ናት። ለዚህ ማሽን የራሱ አረፋ የሌለው ዱቄት አለው፤ ለአንድ ዙር 22 ብር ያህል ይፈጃል። በቀን ሦስት ዙር፣ በወር 24 የሥራ ቀን ብለን 1,584 ብር አስበናል። ይህ ወጪ በበጀቱ ውስጥ አልነበረም። ከበረኪናና ከጓንት ወጪ የቀነሰው ወደ 700 ብር ነው፤ ልዩነቱን ከምሳው ገቢ ለመሸፈን የእናንተ ፈቃድ ያስፈልገናል።

ስለዚህ በአጀንዳ ተራ ቁጥር 4 ላይ ሁለት ነገር ለድምፅ ቀርቧል። አንደኛው ይህ የዱቄት ወጪ ነው። ሁለተኛው፣ ከእንግዲህ ከ5,000 ብር በላይ የሆነ ያገለገለ ዕቃ ሲገዛ፣ ሲሠራ ሁለት አባላት በዓይናቸው አይተው ሳይፈርሙ ክፍያ እንዳይወጣ የሚል ደንብ ነው። ከሁለቱ አንዷ ዕቃውን በእጇ የምትሠራበት እንድትሆን የሚለው ሐረግ የገባው በእሷ ጥያቄ ነው። ወረቀቱ እየዞረ ነው፤ ጥያቄ ያላችሁ እጅ አውጡ።